ቆሎ፣ ሳጥኗና የእናቴ ሰዓት

ልጄ «ውሻ ግዙልኝ» ማለት የጀመረችው በ8 ዓመቷ ነው። እጅ የሰጠነው 11 ሲሞላት ነው። በኅዳር መጨረሻ፣ አሜሪካኖቹ ከምስጋና በዓላቸው የተረፋቸውን ተርኪ በልተው ሳይጨርሱ፣ አንዲት የ9 ሳምንት ቡችላ በካርቶን ይዘን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ገባን። ቢግል የሚባለው ዘር ናት፤ ከምን ጋር እንደተዳቀለች ግን አይታወቅም። ክብደቷ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ልጄ «ኩኪ» ልትላት ፈልጋ ነበር። እናቴ ትኩር ብላ አየቻትና «ይቺ የተቆላ ገብስ ነው የምትመስለው» አለች። በዚያው ቆሎ ሆና ቀረች።

ቡችላን ሳጥን ስለማስለመድ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛውን አነበብኩት። ችግሩ ሁሉም የተጻፈው አያት ለሌለበት ቤት መሆኑ ነው። ስለዚህ የኛን ጉዳይ ከነስህተቱ ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ባለቤቴ ነርስ ናት። በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 7 እስከ ጠዋቱ 7 ትሠራለች። ርክክቡና መንገዱ ተጨምሮ ቤት የምትደርሰው 8፡40 ገደማ ነው። እኔ ቀን ቀን ነው የምሠራው። ጠዋት 7፡20 ልጄን ይዤ እወጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ 5 ላይ ይዣት እመለሳለሁ። እናቴ ደግሞ ለስድስት ወር ልትጠይቀን በመስከረም ከአዲስ አበባ መጥታለች። ጉልበቷን ያማታል። ሊፍት ትፈራለች። ብርዱንማ ባታነሡባት ይሻላል። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

(ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።)

ሳጥኑ

«ክሬት» የሚሉት የሽቦ ሳጥን ነው። በር አለው፣ መቀርቀሪያ አለው፣ ከሥሩ የሚሳብ የፕላስቲክ ትሪ አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ውሻ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አይወድም። ልኩ የሆነ ቦታ ከሰጣችሁት ሽንቱን ለመያዝ ይሞክራል። እናንተ በሰዓቱ ታወጡታላችሁ፤ ውጭ ሲሸና ታሞጋግሱታላችሁ። በዚህ መሐል ፊኛው ያድጋል፣ ልማዱም ይይዛል። ሌላው ጥቅም የኤሌክትሪክ ገመድና የጫማ ነገር ነው። ዓይናችሁ ከሱ ላይ በተነሣ ሰዓት የሚያኝከው አያገኝም።

«ልኩ የሆነ» የሚለው ላይ ነው መጀመሪያ የሳትኩት። ያደግኩት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሁለት ቁጥር አስበልጦ በሚገዛበት ቤት ነው። እጅጌው ይታጠፋል፣ ልጁ ያድግበታል። ሳጥኑንም እንደዚያው 36 ኢንች ገዛሁ። ቆሎ ስትገባበት ባዶ አዳራሽ የገባች መሰለች። በሁለተኛው ቀን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ መጸዳጃ አደረገችው። በሷ በኩል ጥፋት የለም፤ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው የሰጠናት። ለቡችላ የሚበቃው ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ነው። ትልቅ ሳጥን ሲገዛ ብዙ ጊዜ መሐሉን የሚከፍል የሽቦ ግድግዳ አብሮ ይመጣል። ከኛም ጋር መጥቶ ነበር። ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ከሶፋው ጀርባ ሸጎጥኩት። በአምስተኛው ቀን ልጄ የጠፋ ካልሲ ስትፈልግ አገኘችው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ሳጥኑን ኩሽና አስገባነው፤ ወለሉ ለማጽዳት ይመቻል ብለን። መብራት አጠፋን፣ በር ዘጋን፣ ተኛን።

ቢግል የአዳኝ ውሻ ዘር ነው። ድምፁ ከሩቅ እንዲሰማ ተብሎ ነው የተራባው። ይህን ያረጋገጥኩት ከሌሊቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ጩኸት አይባልም፣ ማላዘን ነው፤ አንገቷን ቀና፣ አፏን ሞጥሞጥ አድርጋ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከክፍሏ ወጣች። አማተበች። «ውሻ ሲያላዝን ደግ አይደለም» ብላ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ከሕንፃው ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ በበራችን ሥር ገባ።

«ዝም በሏት፤ ካወጣችኋት ለቅሶ እንደሚያዋጣ ትማራለች» የሚል ምክር አንብበን ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግን ይቺ ቡችላ እስከዚያ ቀን ድረስ ከወንድሞቿ ጋር ተደራርባ ስትተኛ የኖረች ናት። በዚያች ሌሊት የተማረችው ነገር ቢኖር ሳጥን ማለት መጣል ማለት መሆኑን ነው። እሱን ማስረሳት ከሽንቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን።

በሁለተኛው ሌሊት ሳጥኑን ሳሎን አወጣሁትና አጠገቡ ሶፋ ላይ ተኛሁ። መኝታ ቤት እንዳናስገባው ባለቤቴ ቀን የምትተኛበት ነው። ስታለቅስ ጣቴን በሽቦው መሐል እሰድላታለሁ። ትልሰዋለች፣ ታኝከዋለች፣ ትተኛለች። በ3 ሰዓት ስትነሣ ያለ ብዙ ወሬ፣ መብራት ሳላበራ አቅፌ አወረድኳት፤ ሸናች፣ መለስኳት። ሌሊት ጨዋታ የለም። ይህ የሠራ ነገር ነው።

የነጠላው ሐሳብ የእናቴ ነው። አሮጌ ነጠላዋን አጥፋ ከትሪው ላይ አነጠፈችላት። «ጠረን ነው የሚያስተኛው» አለች። «አንተንስ በምን ያስተኛሁህ ይመስልሃል?»

ያው እናቴ ግን ከሳጥኑ ጋር አልተስማማችም። መጀመሪያ ባየችው ቀን «ቆጥ ነው?» አለችኝ። ሲገባት ደግሞ ተቆጣች።

«አንተ ልጅ፣ እንስሳ እስር ቤት ታስገባለህ?»

«እማዬ፣ የኛስ ውሻ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት በር ላይ ታስሮ አይደል ያረጀው?»

ትንሽ አሰበች። «እሱ እኮ ሰማይ ያይ ነበር» አለችኝ።

መልስ አላገኘሁለትም። አሁንም የለኝም። ሳጥኑ መሣሪያ ነው፤ ያለ ልክ ከተጠቀሙበት እናቴ እንዳለችው ነው። በስዊድንና በፊንላንድ ውሻን ቤት ውስጥ ሳጥን ዘግቶ ማስቀመጥ በሕግ የተገደበ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንደ አልጋ ነው የሚያዩት። እኛ የያዝነው ልክ ይህ ነበር፦ የቡችላው ዕድሜ በወር ተቆጥሮ አንድ ሲጨመርበት የሚመጣው ቁጥር፣ ነቅቶ ሽንቱን ሊይዝ የሚችልበት ትልቁ ሰዓት ነው። የሁለት ወር ቡችላ ከሦስት ሰዓት አያልፍም። ይህ ግን ጣሪያው ነው። ደህናው ቁጥር ከሱ በታች ነው።

ደብተሩ

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ የልጃችንን ያላለቀ የሒሳብ ደብተር አምጥታ ሳጥኑ ላይ በክር አሰረችው። የነርስ ልማድ ነው። «ያልተጻፈ አልተሠራም» ትላለች። ሦስት ዓምድ አሰመረች፦ ሰዓት፣ ምን አደረገች፣ የት። ያየ ሁሉ ይጻፍ ተባለ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ በዚያ በቆንጆ የቄስ ትምህርት ቤት እጅ ጽሕፈቷ መጻፍ ጀመረች። «ተኛች።» «በላች።» «አረጠበች፣ አጸዳሁ።» አንዳንዴ ከዓምዱ ወጣ ብላ አስተያየትም ትጨምር ነበር፦ «ዛሬ ፊቷ አላማረኝም።»

በሁለተኛው ሳምንት እኔ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ግድግዳው ገብቷል፣ ሳጥኑ ጠቧል፣ ማላዘኑ ቀርቷል። ግን ሳጥኑ ውስጥ መርጠቡ አልቆመም። ማታ ማታ ደብተሩን ስገልጥ በእናቴ ጽሕፈት አንድ ነገር ይደጋገማል፦ «2፡30፣ አረጠበች፣ አጸዳሁ።» በማግስቱም «2፡30»፤ በሌላው ቀን «2፡20፣ ካካ።»

እናቴ ሌሊት ለጸሎት ትነሣለች። ሳሎን ቆማ ነው የምትጸልየው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። ሌሊት 2፡30 ላይ ቡችላዋ ታረጥባለች፣ እናቴ አይታ ታጸዳለች፣ እኔን ላለመቀስቀስ ዝም ትላለች። አንጀቴ ተላወሰ። ስልኬን ለ2፡15 ደወል ሞላሁ።

ስምንት ሌሊት ተነሣሁ። በታኅሣሥ ብርድ፣ በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ የተኛች ቡችላ ቀስቅሼ በሊፍት ወረድኩ። አንዳንዴ ትሸናለች፣ አንዳንዴ ዓይኔን እያየች ትንቀጠቀጣለች። በአምስተኛው ሌሊት ከደወሉ በፊት ራሷ መንቃት ጀመረች። ደስ አለኝ፤ የተማረች መሰለኝ። ለነገሩ ተምራለች፤ ያስተማርኳት በ2፡15 መንቃትን ነበር። ሌሊቱን ስድስት ሰዓት ትተኛ የነበረች ቡችላ በኔ ጥረት እንቅልፏ ተሰበረ። ደብተሩ ላይ ግን ያው ነው፦ «2፡30፣ አረጠበች፣ አጸዳሁ።»

እንዴት ይሆናል? በ2፡15 ውጭ ሸንታ በ2፡30 ታረጥባለች? እልኸኛ ናት አልኩ። የእልህ ነው አልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን እያየሁ «ምን አድርጌሽ ነው?» አልኳት። የ11 ሳምንት ቡችላ ፊኛ እልህ አያውቅም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ይህን አያስብም።

ነገሩን የፈታችው ልጄ ናት። ቅዳሜ ነው። እናቴ ቡና እየቆላች፣ ልጄ አማርኛ ለመለማመድ ደብተሩን ጮክ ብላ እያነበበች። «አሥራ... አንድ ሰዓት። ልጅቷ... መጣች። ቆሎ... ዘለለች።» ቆም አለች።

«እማማ፣ በ11 ሰዓት እኮ እኔ ተኝቻለሁ!»

«ምን ተኝተሻል? ከትምህርት ቤት የምትመጪው 11 አይደል?»

«5 ነው የምመጣው!»

«እሱ የፈረንጁ ነው፣ ልጄ።»

እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ። ሲኒ በእጄ ነበር፤ አስቀመጥኩት። የእናቴ 2፡30 ሌሊት አይደለም። ጠዋት ነው። 8፡30። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። 16 ዓመት አሜሪካ ብኖር ይህን ልርሳው? እናቴ ስትስቅ የቡናው መቁያ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «ስምንት ሌሊት!» እያለች። «እኔ እኮ ምን ሆኖ ነው ሌሊት ሌሊት የሚወርደው እያልኩ ስጸልይለት ነበር!»

ደብተሩን ወስጄ የሷን ሰዓቶች ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ መለስኩ። ሌላ ወረቀት ሆነ። ሌሊቱ ንጹሕ ነው። ችግሩ ያለው በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ እኔ ከወጣሁበት 7፡20 ባለቤቴ እስክትገባበት 8፡40። ወደ ኋላ ስሄድ ምክንያቱም ፍንትው አለ። 6፡30 አወርዳታለሁ። 7፡00 ቁርሷን እሰጣታለሁ። 7፡15 ሳጥን አስገብቼ እሮጣለሁ። ቡችላ ከበላ በኋላ አንጀቱ ይነሣል፤ ከ5 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ መውጣት ይፈልጋል። እኔ ልክ ሆዷ ሲነሣ በር ቆልፌባት ነው የምሄደው። ስታለቅስ የምትሰማት እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ሊፍት አትገባም። አንድ ሰዓት ያህል ትታገላለች፣ ከዚያ ያመልጣታል። እናቴ «ምራቴ ደክሟት መጥታ ሽታ እንዳይቀበላት» ብላ ባለቤቴ ሳትደርስ ታጸዳለች። በበረኪና።

በረኪናው ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ለኛ አፍንጫ ሽታው ይጠፋል፣ ለውሻ ግን የሽንቱ ምልክት አይጠፋም። «እዚህ ይሸናል» የሚል ምልክት እንደተለጠፈ ይቀራል። በዚያ ላይ ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደረት የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። እናቴ ለካ ያን ሰሞን የሚያስላት ብርዱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ገዛን፤ የሽንቱን ቅሪት የሚያፈርሰው እሱ ነው። ትሪውን አውጥተን አጠብን። ነጠላው ሁለት ጊዜ ታጠበ። የሌሊቱን ደወል ደግሞ በአንድ ጊዜ አላጠፋሁትም፤ በየሌሊቱ ግማሽ ሰዓት ወደ ንጋት ገፋሁት።

ያደረግነው ለውጥ ይኸው ነው፤ ሲነገር ያሳፍራል። ቁርሷ ወደ 6፡00 ተሳበ። 6፡20 አንዴ ትወርዳለች፣ ልወጣ ስል 7፡10 ሁለተኛ። ከሳጥን እስከ ሣሩ ያለውን መንገድ በሰዓት ለካሁት፤ ሊፍቱ ቶሎ ከመጣ ሦስት ደቂቃ፣ ካልመጣ ስድስት። ገና የነቃ ቡችላ ስድስት ደቂቃ አይችልም። በእግሯ ከሄደች ኮሪደሩ ላይ ትለቀዋለች። ስለዚህ አቅፌ ነው የማወርዳት፤ የታቀፈ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ውጭ ስትጨርስ ሽልማቷ እዚያው፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ። ቤት ገብቶ መሸለም ዋጋ የለውም፤ የተሸለመችው ሊፍት ስለገባች ይመስላታል። ክትባቷ ስላላለቀ ውሾች የሚበዙበት ሜዳ አልወሰድናትም። ፓርቮ የሚባለው በሽታ አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ ክትባቱ ደግሞ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየሦስት አራት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው። ከሕንፃው ጀርባ ያለች አንዲት የሣር ጥግ ለኛ በቃች።

በማግስቱ 8፡30 ላይ ሳጥኑ ደረቅ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን። ለ12 ቀን አንድም አልረጠበ።

ቡናው

ሽንቱ ከተስተካከለ በኋላ የቀረን ፍቅሩ ነበር። ቆሎ ሳጥን የምትገባው ስንገፋት ነው። ይህን ያቃናው ቡና ነው።

እናቴ በየቀኑ ጠዋት 10 ሰዓት ገደማ ቡና ታፈላለች። (የፈረንጅ 10።) ከዚያ እስከ በረካ ድረስ ከተቀመጠችበት አትነሣም። ለሥልጠና ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ባለቤቴ ሳጥኑን ከረከቦቱ ፊት ለፊት አዞረችው፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «እማማ፣ ስኒ በቀዱ ቁጥር ከደረቅ ምግቧ አንዲት ፍሬ ወደ ውስጥ ይወርውሩላት። በሩን አይዝጉባት» አለቻት። ምግቡ በብርጭቆ ተሰጣት።

እናቴ ግን የነቢያትን ጾም ይዛለች። ፍሬው ዶሮ አለበት ስትባል እጇን ሰበሰበች። «በጾም ሥጋ አልነካም።» ተግባብተን ማንኪያ ተሰጣት። በማንኪያ ትቀዳለች፣ ወደ ሳጥኑ ትወረውራለች፣ «ቤትሽ!» ትላለች። አቦል ላይ አምስት ጊዜ፣ ቶና ላይ አምስት ጊዜ። በረካ ሲደርስ ቆሎ ከሳጥኑ መውጣት ትታ እዚያው ተኝታ ቀጣዩን ትጠብቃለች። በዚያ መሐል በሩ ለአንድ ደቂቃ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ከዚያ ለሦስት። ከዚያ ለአንድ ስኒ ሙሉ። የአንገት ማሰሪያዋ ወልቆ ነው፤ ሽቦ ውስጥ ከተያዘ ያንቃታልና።

ቃሉም አንድ ሆነ። ከዚያ በፊት ልጄ በእንግሊዝኛ፣ እኔ «ግቢ»፣ ባለቤቴ በጭብጨባ ነበር የምናስገባት። ቡችላዋ ሦስት ቋንቋ ተማሪ ሆና ነበር። አሁን «ቤትሽ» ብቻ ነው። ሊፍት ውስጥ የምናገኛቸው ጎረቤታችን ሳይቀሩ «ቤትሽ» ይሏታል፤ ሽ ላይ ትንሽ ይበዛባቸዋል።

ያላሰብነው ነገር ደግሞ መጣ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ የሚሰማውን ድምፅ ቆሎ ያዘችው። ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ስኳር ባማሰለ ቁጥር ከየትም ሮጣ ሳጥኗ ትገባለች። እንግዳ ሻይ ያማስላል፣ ውሻችን ቤቷ ገብታ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ይህን ያስተማረ አሠልጣኝ የለም።

አሥራ ሦስተኛው ቀን

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ረጠበ። ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ ደገመች። ማታ ሶፋው ሥር። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያሳፍረኛል፤ ደብተሩን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። «እማዬ፣ ይሄ 3 ሰዓት የማን ሰዓት ነው?» ኮስተር ብላ «የማንም ይሁን፤ አሁን የሆነ ነው» አለችኝ።

ነገሩን ያየችው ባለቤቴ ናት። ቆሎ ውጭ ሣሩ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ጠብታ ይወጣል፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ደግማ ቁጭ ትላለች። ቁጭ ባለች ቁጥር ታለቃቅሳለች። «ይሄ ሥልጠና አይደለም፤ ሕመም ነው» አለች። የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ስንደውል የሽንት ናሙና አምጡ ተባልን። አራት ኢንች ከመሬት ከፍ ካላለች ቡችላ ሽንት እንዴት ይቀበሏል? ሰፊ ዕቃ አይገባም፣ ስትነካ ትነሣለች። መፍትሔው ረጅም እጀታ ያለው ነገር ነው። የእናቴን ጭልፋ ይዤ ወረድኩ። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ጭልፋ ነው። ወደ ኩሽና አልተመለሰም።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። በሴት ቡችሎች ላይ የተለመደ ነው፤ ቧንቧቸው አጭር ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ፊኛ ይገባል። አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ሐኪሟ ያለችኝ ነገር አልተረሳኝም፤ ለምዶ የነበረ ውሻ ድንገት ከተበላሸ ከሥልጠናው በፊት ሽንቱ ይመርመር። እኔ እኮ ሳጥኑን ላጠብብባት እያሰብኩ ነበር። መድኃኒቱን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ደረቀ። ሐኪሟ እንዳስጠነቀቀችን እስከ መጨረሻው ቀን ሰጠናት፤ ተሻላት ብለን አላቋረጥንም።

ከዚያ ገና ደረሰ። ጾሙ ተፈታ፣ ቤቱ በሰው ሞላ፣ ዶሮው ተሠራ። ለቆሎ ይህ ትልቁ ፈተና ነው፤ ለእናቴም። ባለቤቴ ጠዋት ቀድማ ነግራታለች። «እማማ፣ ከወጡ እንዳይሰጧት። ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም ለውሻ ደም መርዝ ነው። የዶሮ አጥንቱም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።» እናቴ አላመነችም። አገር ቤት የዶሮ አጥንት የማን ነው? የውሻው አይደል እንዴ? ግን ነርስ ተናግራለችና ዝም አለች። በምሳ ሰዓት ግን በዓይኔ አየኋት፤ አንድ አጥንት በጣቶቿ ይዛ ወደ ጠረጴዛው ሥር ዝቅ አደረገች። ቆም አለች። ባለቤቴን አየች። መልሳ ሳህኗ ላይ አስቀመጠችው።

ቆሎ ለነገሩ ጠረጴዛው ሥር አልነበረችም። ጫጫታው ሲበዛባት ማንም ሳያዛት፣ ማንም ስኳር ሳያማስል፣ ሄዳ ሳጥኗ ገብታለች። በሩ ክፍት ነው። ነጠላው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። አንድ የእንግዳ ልጅ ተከትሏት እጁን ሊያስገባ ሲል ልጄ ቀደመችው። «እዚያ ስትሆን አትነካም። ቤቷ ነው» አለችው፣ በጥርት ያለ አማርኛ።

እናቴ በመጋቢት ተመለሰች። ከኤርፖርት ስመጣ ደብተሩ አሁንም በክሩ ሳጥኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ከጥር ወዲህ ብዙም አንጽፍበትም ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ የዚያን ቀን ጠዋት የጻፈችውን አገኘሁ፦

«4 ሰዓት፣ በናንተ 10። ቡና ጠጣን። ቤቷ ተኝታለች። ነጠላዬን ትቼላታለሁ።»